ቁልቁለት ጀግና አይወልድም

እ.ኤ.አ. በ2017 የኢጣልያ ዙር የብስክሌት ውድድር አዘጋጆች አንድ አዲስ ሽልማት ሊያስተዋውቁ ተነሥተው ነበር። ሽልማቱ የታሰበው ከተራራ ቁልቁል በመውረድ ከሁሉ ለፈጠነው ጋላቢ ነው። ዳገት ለወጣ ሽልማት ካለ ቁልቁለት ለወረደስ ለምን አይኖርም የሚል ሐሳብ ይመስላል። ዳሩ ግን ወሬው እንደ ተሰማ ተቃውሞ ተነሣ፤ ከተቃዋሚዎቹም መካከል ራሳቸው ጋላቢዎቹ ነበሩ። እንጀራቸውን በብስክሌት ላይ የመሠረቱ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ መውረድን የለመዱ ሰዎች፣ ይህ አደጋን በገንዘብ ማበረታታት ነው ሲሉ ተናገሩ። አዘጋጆቹም ብዙ ሳይቆዩ ሽልማቱን ሰረዙት።

የዓለም ምርጥ ጋላቢዎች አንቀበልም ያሉትን ይህን ሽልማት ግን በዚህ በእኛው አካባቢ ተራራዎች ሥር የእሑድ ማለዳ ብስክሌተኞች ለእርስ በርሳቸው በነጻ ያድሉታል። ሽልማቱ ገንዘብ አይደለም፤ አድናቆት ነው። ቅጣቱም ገንዘብ አይደለም፤ ፌዝ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ተነሥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። አስፋልቱን እንደ ጥይት ሰንጥቆ መጀመሪያ የደረሰው ወጣት ትከሻው ይመታል። ፍሬኑን እየጨበጠ፣ ኩርባውን እያየ፣ ለሚያቋርጠው አህያ እየቆመ በመጨረሻ የሚደርሰው ጎልማሳ ደግሞ ‹‹ሽማግሌው መጣ!›› ተብሎ በሳቅ ይታጀባል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሳቂዎቹ ሳቅ አይደለም። ጎልማሳው ራሱ ከእነሱ ጋር ይስቅና ጥፋት እንደ ሠራ ሰው አንገቱን ደፋ አድርጎ ‹‹ምን ላድርግ፣ አረጀሁ፤ ፈሪ ሆንኩ›› ይላል።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ያን ይቅርታ ለመቃወም ነው። በሃያ ዓመቱ ፍሬን ሳይነካ ይወርድ የነበረ፣ በአርባ ዓመቱ ግን ጣቶቹን ከፍሬን የማያነሣ ሰው ከጀግንነት ወደ ፍርሃት የወረደ ሰው አይደለም። ካለማወቅ ወደ ማወቅ የወጣ ሰው ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ካለ እሱ አይደለም፤ ሥር ቆመው የሚስቁት ናቸው።

ለመሆኑ በቁልቁለት ላይ የሚደነቀው ነገር ምንድን ነው? ዳገት የወጣ ሰው ያወጣውን ላብ ሁሉ የራሱ ነው ሊል ይችላል። ሳንባው፣ ጭኑና ትዕግሥቱ ወደ ላይ አውጥተውታል። ቁልቁለት የወረደ ሰው ግን ፍጥነቱን ከየት አመጣው? ምድር ሳበችው እንጂ ሌላ ምን ሠራ? ከእንጦጦ አናት የተለቀቀ ድንጋይም እንዲሁ ይፈጥናል፤ ማንም ግን ድንጋዩን ጎበዝ ነው አላለውም። የብስክሌት ስፖርት ታላላቅ ክብሮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። የፈረንሳይ ዙር ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን ማልያ ለተራራ ንጉሥ ይሸልማል፤ የተራራ ንጉሥ የሚባለውም ዳገት በመውጣት ነጥብ የሰበሰበው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ያን ማልያ ከአፍሪካውያን ሁሉ ቀድሞ ሲለብስ የለበሰው ወደ ላይ በወጣበት እንጂ ወደ ታች በወረደበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአገሩ ልጅ ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወደ ቤቱ ሲወስድም ያሸነፈው በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች በገዛ እግሩ ኃይል ነው። ቁልቁለት ማልያ የለውም፤ ሊሰፋለት የታሰበውም በተቃውሞ ቀርቷል።

በእርግጥ በፍጥነት መውረድ ችሎታ አይጠይቅም ማለት አይደለም፤ ይጠይቃል። ነገር ግን ችሎታው ያለው ፍጥነቱ ላይ ሳይሆን ፍጥነቱን በመግዛቱ ላይ ነው። የቁልቁለት ጥበብ መቼ መያዝ፣ መቼ መልቀቅ፣ የት መመልከት እንደሚገባ ማወቅ ነው። እንግዲህ ፍሬን ያልነካው ይህን ጥበብ አሳየ ሊባል አይችልም፤ ጥበቡን ለመጠቀም ፈቃደኛ እንዳልሆነ ብቻ ነው ያሳየው።

አሁን ወደ ቁጥሩ መሄድ ይገባል፤ ፌዘኞች ከሁሉ የሚሸሹት ቁጥርን ነውና። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌተኛ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። በ60 የሚወርደው ደግሞ ወደ 17 ሜትር ይጠጋል። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ተረድቶ፣ ጣት ፍሬኑን እስኪጨብጥ አንድ ሴኮንድ ያልፋል ቢባል፣ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን የመጀመሪያው ሰው በ15 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ይቆማል። ሁለተኛው ግን 45 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር መቆሚያው በሦስት እጥፍ የረዘመበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ብስክሌተኛው ተሸክሞት የሚሄደው ጉልበት በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል። ይህም ስሌት በሜዳ ላይ ነው፤ ቁልቁለት ሲሆን፣ መንገዱም ሲረጥብ ወይም አሸዋ ሲለብስ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

በ15 ሜትርና በ45 ሜትር መካከል 30 ሜትር አለ። ይህ 30 ሜትር በወረቀት ላይ ተራ ቁጥር ነው። በመንደር መንገድ ላይ ግን አንድ ሱቅ፣ ሁለት የግቢ በር፣ አንድ የቆመ አይሱዙ፣ ከአይሱዙው ጀርባ ደግሞ ኳሱን ተከትሎ የሚወጣ ሕፃን የሚገኝበት ስፍራ ነው። ነገሩን በሌላ መንገድ ማየትም ይቻላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየወረዱ ከግንብ ጋር መጋጨት ከ14 ሜትር ከፍታ መሬት ላይ መውደቅ ማለት ነው፤ ይህም ከአራተኛ ፎቅ ሰገነት እንደ መዝለል ነው። ከአራተኛ ፎቅ ሰገነት ጫፍ ራቅ ብሎ የሚቆምን ሰው ፈሪ የሚለው ማን ነው? ያው ሰው በብስክሌት ላይ ሲሆን ነው ስሙ የሚለወጠው።

ለዚህ ክርክር ፈጣን ወራጆች የሚሰጡት የመጀመሪያ መልስ ‹‹እኔ እስካሁን ወድቄ አላውቅም›› የሚል ነው። ይህ መልስ ከሁሉ የሚያሳምን ይመስላል፤ ከሁሉ የደከመውም እሱ ነው። መቶ ጊዜ ወርዶ ያልወደቀ ሰው መቶ ጊዜ አህያዋ ሳትሻገር፣ መቶ ጊዜ የሚኒባሱ በር ሳይከፈት፣ መቶ ጊዜ ዘይት ሳይፈስ ቀርቶለታል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የእሱ ችሎታ፣ ምን ያህሉ የሌሎች ቸርነትና ዕድል እንደ ሆነ እሱ ራሱ መለየት አይችልም። ሽሮ ሜዳ ላይ ሻይ እየጠጣ ስለ ቁልቁለት የሚመሰክረውም የተረፈው ብቻ ነው። ያልተረፈው ለሻዩ አልተገኘምና ምስክርነቱ አይሰማም። አበው ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ያሉት ለዚህ ነው፤ በዕድል የተገኘ ስምም በዕድል ይሄዳል።

‹‹ልምድ ያለው አይወድቅም›› የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የሚሆነው መልስ በመንገድ ዳር መታሰቢያዎች ላይ ተጽፏል። ፋቢዮ ካዛርቴሊ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘ ጋላቢ ነበር። በ1995 በፈረንሳይ ዙር የፒሬኔን ተራራ ሲወርድ ወድቆ በ24 ዓመቱ ሞተ። ቤልጅጋዊው ዋውተር ዌይላንት በ2011 በኢጣልያ ዙር ቁልቁለት ላይ አለፈ። ስዊሳዊው ጂኖ ሜደር በ2023 ከአልቡላ ተራራ ሲወርድ ገደል ገብቶ በማግሥቱ ሕይወቱ አለፈ። ኖርዌያዊው አንድሬ ድሬገ ደግሞ በ2024 በኦስትሪያ ግሮስግሎክነር ቁልቁለት ላይ ሞተ። እነዚህ ሰዎች ልምድ አላነሳቸውም። ብስክሌታቸው በባለሙያ የተፈተሸ፣ መንገዳቸው ከመኪና የተጠበቀ፣ ሐኪማቸው ከኋላ የሚከተል ነበር። ሐዘኑ ለምሥራቅ አፍሪካም ሩቅ አይደለም። ኬንያዊው ሱለይማን ካንጋንጊ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ቬርሞንት የጠጠር መንገድ ውድድር ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሳለ ወድቆ አልፏል።

የስፖርቱ አስተዳዳሪዎችም ከዚህ ተምረዋል። በቁልቁለት ላይ ከመቀመጫ ወርዶ በብስክሌቱ የላይኛው ብረት ላይ መጎንበስ ፍጥነት የሚጨምር ዘዴ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ይህን አቀማመጥ በውድድር ላይ ከልክሏል። አንዳንድ ጋላቢዎች ቅር ተሰኝተው እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን ነጥቡ ወዲህ ነው። ለማሸነፍ የሚከፈላቸው ሰዎች የተከለከሉትን፣ ምንም የማይከፈለው የሰፈር ወጣት በቴሌቪዥን ከቆየ ምስል ላይ እየቀዳ ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ኮረብታዎች ላይ ተካሂዷል። ክልሉ ሁሉ የኮራበት ቀን ነበር፤ ሊኮራም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ወጣቱ ያያቸው ፈጣን ቁልቁለቶች ለዚያ ቀን ብቻ ከመኪናና ከሞተር የጸዱ እንደ ነበሩ መናገር የታላላቆች ግዴታ ነው። በማግሥቱ በዚያው ኩርባ ላይ የሞተር ታክሲ፣ የቤተሰብ መኪናና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ተመልሰዋል።

የእኛ ቁልቁለቶች የትኞቹ ናቸው? ከአስመራ እስከ ምጽዋ መንገዱ ከ2,300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ጠለል ይወርዳል፤ እየተጠማዘዘ፣ ጭጋግ እየለበሰ። ከሊሙሩ ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደው የኬንያ መንገድ በስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የጭነት መኪና ይሞላዋል። የዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የአንባቢ ሁሉ ትዝታ ያለበት ስፍራ ነውና። አውቶቡሱ የዓባይን ቁልቁለት ሲጀምር ሹፌሩ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ ሞተሩ እያጉረመረመ እንደ ኤሊ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት ከተሳፋሪው አንድም ሰው ‹‹ፈሪ ሹፌር›› አይልም። እናቶች ይመርቁታል፤ አዛውንቶች ‹‹የበሰለ ሹፌር ነው›› ይላሉ። ፍሬኑን ለቅቆ የሚወርድ ሹፌር ቢያጋጥም ግን አውቶቡሱ በጩኸት ይናጋል። እንግዲህ ያው ጥንቃቄ በአውቶቡስ ላይ ብስለት፣ በብስክሌት ላይ ፍርሃት የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ከአውቶቡሱ ብረት ይልቅ የብስክሌተኛው ቆዳ የጠነከረ ነውን?

ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ምሳሌ ከቡሩንዲ አለ። ከቡጋራማ ከፍታዎች ወደ ቡጁምቡራ በሚወርደው አውራ ጎዳና የሙዝ ዘለላ በብስክሌት ጭነው እንደ ነፋስ የሚወርዱ ሰዎች አሉ። ገበያው ሥር ነው፤ ሙዙ ላይ ነው። ሲመለሱ ከጭነት መኪና ጀርባ ተንጠልጥለው ይወጣሉ። ይህ ሰው በፍጥነት የሚወርደው ለመደነቅ አይደለም፤ የልጆቹ እራት ከገበያው ሰዓት ጋር የታሰረ ስለ ሆነ ነው። ለእሱ አደጋው የድህነት ግብር ነው። የተሻለ መንገድና የተሻለ ማጓጓዣ ቢያገኝ ነገውኑ ይተወዋል። የእሑድ ማለዳ ፈጣን ወራጅ ግን ያ ምስኪን ተገድዶ የሚከፍለውን ግብር ለጨዋታ ይከፍላል። ሌላው ሰው ሊያመልጠው የሚመኘውን አደጋ እንደ ጌጥ ማንጠልጠል ጀግንነት ሳይሆን ጥጋብ ነው።

የተቃዋሚዎች ጠንካራ ክርክሮችም መልስ ይገባቸዋል። አንደኛው ‹‹ፍርሃት ሰውነትን ያደርቃል፤ የደረቀ ክንድም ይጥላል›› የሚለው ነው። እውነት አለው። መሪውን አንቆ የያዘ፣ ትከሻው የጠነከረ፣ ዓይኑን ከፊት ጎማው ሥር የተከለ ሰው ከለስላሳው ይልቅ ሊወድቅ ይችላል። ነገር ግን ይህ ድንጋጤ እንጂ ጥንቃቄ አይደለም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ለፌዘኞች ይመቻቸዋል። ድንጋጤ የሚመጣው በኩርባው መካከል ነው፤ ጥንቃቄ የሚመጣው ከኩርባው በፊት ነው። ጠንቃቃው ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲያዘነብል ፍሬኑን ያላላል፤ ዓይኑን መውጫው ላይ ያደርጋል። በዝናብ ቀን ደግሞ የመንገድ ቀለምና የቱቦ ክዳን ብረት እንደሚያንሸራትቱ ያውቃል። ደንጋጭ የሚሆነውም ብዙውን ጊዜ ያ ቀድሞ ያልተጠነቀቀው ነው፤ ችግሩን ያየው ከገባበት በኋላ ነውና።

ጥንቃቄም ዝም ብሎ ፍሬን ላይ መተኛት አይደለም። ብስክሌቱንና ራሱን ጨምሮ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 400 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይበቃል። ዝግ ብሎ ለሚወርድ ሰው የዚህ ሙቀት ትልቁ ክፍል ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነና ሰውየው ሳያቋርጥ እየጎተተ ከወረደ ቸርኬው ይግላል፤ የውስጥ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ብልህ ወራጅ ይይዛል፣ ይለቅቃል፤ የፊቱንና የኋላውን ያመዛዝናል፤ ቁልቁለቱ ከረዘመ ቆሞ ያስቀዘቅዛል። ከመነሣቱም በፊት የፍሬኑን ጎማና ሽቦ ይፈትሻል። ይህ ሁሉ በዓመታት የሚሰበሰብ እውቀት ነው። ‹‹አረጀ›› የተባለው ሰው በእጁ የያዘው ይህን ነው።

ሁለተኛው ክርክር ‹‹ጥፋቱ የመንገዱና የሹፌሩ ነው›› ይላል። ይህም በከፊል እውነት ነው። ጉድጓድ ያልደፈነ፣ መብራት ያላቆመ፣ ለብስክሌት መስመር ያልሰጠ ከተማ ተጠያቂ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመሮች መታየታቸው ደግ ነው፤ ይበልጥ ሊስፋፉም ይገባል። ነገር ግን የሌላው ጥፋት የአንድን ሰው አጥንት አይጠግንም። በመቃብር ላይ ‹‹መንገድ የመሻገር መብት የእሱ ነበር›› ብሎ መጻፍ ለእናቱ ምን ይፈይዳል? ከዚህም በላይ ብስክሌተኛው ራሱ ለእግረኛው ሹፌር ነው። ሸክም ተሸክማ መንገድ የምትሻገር እናት ከሚኒባሱ ትጠበቅ ዘንድ የሚጮኽ ሰው፣ እሱ ራሱ ድምፅ በሌለው ጎማ 60 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሲመጣባት ምን መልስ አለው? መኪና ይሰማል፤ ብስክሌት አይሰማም።

ሦስተኛው የሚተማመነው በራስ ቁር ነው። የራስ ቁር ይደረግ፤ ሁልጊዜ ይደረግ። ሆኖም ምን እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። የኤውሮጳ መመዘኛ የብስክሌትን የራስ ቁር የሚፈትነው ከ1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ በመጣል ነው። ይህ ሰው ከብስክሌቱ ወደ ጎን ሲወድቅ ጭንቅላቱን ለማዳን የተሰላ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ከግንብ ጋር ለሚጋጭ ሰው የገባው ቃል የለም። ዌይላንትም ሜደርም የራስ ቁር አድርገው ነበር።

አራተኛው ክርክር የልብ ነው፤ ‹‹ደስታውን ምን ልታደርጉት ነው?›› ይላል። ቁልቁለት ደስ ይላል፤ ይህን የሚክድ ብስክሌት ያልነዳ ነው። ነፋሱ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ከዳገቱ ድካም በኋላ የሚመጣው ዕረፍት የሚገባ ካሳ ነው። ነገር ግን ደስታው ያለው በ60 ብቻ ነውን? በ30 የሚወርድ ሰው ነፋሱን ያገኛል፣ ሽታውንም ያገኛል። ከዚያም በላይ ከተማውን ከላይ ሆኖ ያያል፤ በ60 የሚወርደው ግን ከአስፋልቱ በቀር የሚያየው ነገር የለም።

ጥንቃቄ ድልን ይከለክላል የሚል ሰው ካለ ደግሞ ፈረንሳዊውን ቲቦ ፒኖን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 በአገሩ ዙር ላይ ቁልቁለት እንደሚያስፈራው ለዓለም ሁሉ በግልጽ ተናገረ። ብዙ ተፌዘበት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ውድድር ሦስተኛ ሆኖ ፓሪስ ገባ። ቤልጅጋዊው ሬምኮ ኤቨኔፑልም በ2020 በሎምባርዲያ ውድድር ቁልቁለት ላይ ከድልድይ በታች ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሯል። ሲመለስ የአወራረድ ነገሩ ለትችት ተዳርጎ ነበር፤ በ2022 ግን የስፔንን ዙር፣ በ2024 ደግሞ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ አሸንፏል። ፍርሃትን በስሙ መጥራት ለሁለቱም መጨረሻ አልሆነባቸውም።

ወደ እንጦጦ ሥር መመለስ ያስፈልጋል። ያ በመጨረሻ የሚደርሰው ጎልማሳ ሲሳቅበት ጉዳቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ከጎኑ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቆሟል። ልጁ የተዋሰው ብስክሌት ፍሬን በአንድ ወገን ብቻ ይይዛል። ከዳገቱ ሲወጣ ማንም አላደነቀውም። አሁን ግን ምን እንደሚያስደንቅ ተምሯል፤ ምን እንደሚያስቅም ተምሯል። በሚቀጥለው እሑድ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። እሱ የወደቀ ቀን እነዚያ የሳቁት ሁሉ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ‹‹ወይኔ፣ ምነው ቀስ ባለ!›› ይላሉ። ‹‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ›› ማለት ይህ ነው። ምክሩ ዋጋ የነበረው ልጁ ቆሞ ሲሰማ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን እነሱ ይስቁ ነበር።

ስለዚህ የሚጠየቀው ከባድ ነገር አይደለም። የብስክሌት ማኅበራትና የጓደኛ ቡድኖች አድናቆታቸውን ወደ ዳገቱ ያዙሩት፤ የሚጨበጨብለት አናት ላይ መጀመሪያ የደረሰው ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ውድድር አይሁን። ፍሬኑ ያልያዘ ልጅ ቁልቁለቱን በእግሩ ብስክሌቱን እየገፋ ይውረድ፤ ከእሱ ጋር አብሮ የሚወርድ አንድ ታላቅ ሰውም አይጥፋ። ፌዘኛው ‹‹ሽማግሌው መጣ›› ከማለቱ በፊት በአንዲት ሴኮንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ራሱን ይጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ግን ሸክሙ ያለው በጎልማሳው ላይ ነው። በመጨረሻ ደርሶ ከፌዘኞቹ ጋር የሚስቅ ሰው ዝም ብሎ ትሕትና ያሳየ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ዕድሜ ልኩን የሰበሰበውን እውቀት በአንድ ሳቅ ለልጁ ከልክሎታል። ‹‹አረጀሁ›› አይበል። ከኩርባው ኋላ ያለውን ስለማላውቅ ያዝኩ ይበል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ልጁ በሚሰማበት ቦታ ቆሞ ይበል።